ያዝ ለቀቅ የሚለው ቡድንና የማይለቀው ደጋፊ

በመስከረም 2016 ባሕር ዳር ከተማ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማጣሪያ የቱኒዚያውን ክለብ አፍሪካን 2 ለ 0 አሸነፈ። ተጋጣሚው ተራ ቡድን አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የአፍሪካ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ ያነሳ አንጋፋ ክለብ ነው። የጣና ሞገዶቹ የሚባሉት ባሕር ዳሮች ደግሞ በአህጉሩ መድረክ ገና የመጀመሪያ እግራቸውን እያነሱ ነበር። ያን ቀን ውጤቱን የሰማ ደጋፊ ሁሉ በልቡ ቀጣዩን ዙር መቁጠር ጀመረ። ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግን ቱኒስ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ በድምር ውጤት 3 ለ 2 ተረትተውም ከውድድሩ ወጡ። ሲያልቅ አያምር ይሏል ይህ ነው።

ከዚህ የባሰ ሽንፈት የደረሰባቸው ክለቦች ሞልተዋል። የባሕር ዳርን ደጋፊ የሚያንገበግበው ግን ሽንፈቱ ብቻ አይደለም፤ ያሸነፈው ቡድንና የተሸነፈው ቡድን አንድ መሆናቸው ነው። ደካማ ቡድን ያለው ሰው ልቡን ያስተካክላል፤ ጠንካራ ያለው ደግሞ ይኮራል። አንድ ሳምንት የሊጉን መሪ አስጨንቆ በሚቀጥለው ሳምንት ወራጅ ቀጠና ውስጥ ላለ ቡድን ሦስት ነጥብ የሚያስረክብ ቡድን የያዘ ሰው ግን መኩራትም ተስፋ መቁረጥም አይችልም። ዛሬ ማር፣ ነገ እሬት።

ለመሆኑ ወጥ አቋም የሚጠፋው ለምንድን ነው? ተጫዋቹ ሰንፎ ነው? አሠልጣኙ ስቶ ነው? ወይስ ደጋፊው የማያየው ሌላ ነገር አለ?

ሰባታሚት፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት

ሰባታሚት ከባሕር ዳር ደቡባዊ ጠርዝ ላይ፣ ከተማው ከገጠሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ስሙን ከሩቅ የሚሰማው ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው በማረሚያ ቤቱ ነው። ነዋሪው ግን እንደማንኛውም የባሕር ዳር ሰው የሚያወራው ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ኳስ ነው። ከሐይቁ ዳር ካሉት መናፈሻዎችና የዘንባባ ጎዳናዎች ራቅ ያለ ስለሆነ ኳስ የሚታየው በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ፣ በተደረደሩ የእንጨት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጦ ነው።

እኔ በገባሁበት ቤት ዲኤስቲቪው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ከረከቦቱ አጠገብ የሞላ ጀበና፣ ከጀበናው አጠገብ የስልክ ቻርጀር የተሰካበት ማከፋፈያ። በር ላይ ሦስት ባጃጆች ቆመዋል። ጨዋታው ሲጀመር አንደኛው ባጃጅ ነጂ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባና ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠ። የፊቱን ኪስ ዚፕ ከፍቶ የታጠፈ ደብተር አወጣ። የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለበት። ውስጡ የቡድኑ ውጤት ነው። ድል በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ሽንፈት በቀይ፣ አቻ በእርሳስ። ገጹን ከሩቅ ስታዩት ሥርዓት ያለው ቀለም አይታይበትም፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ እርሳስ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ።

ከጎኑ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነጂው ገጹን ከፍቶ አሳያቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ቡድን ምን ልበለው? መሪውን ያሸንፍና ወራጁ ፊት ይንበረከካል።»

«አንተ ልጅ፣ ቡድኑ ያው ነው። በየሳምንቱ የምትቀያየረው አንተ ነህ። ሲያሸንፉ ዋንጫ ትላለህ፣ ሲሸነፉ አሠልጣኙ ይባረር ትላለህ።»

«እኔማ የትም አልሄድኩም፣ ጋሼ! የተቀያየረው አሰላለፉ ነው። ባለፈው ዓመት ስማቸውን ከሸመደድኳቸው ግማሹ የሉም።»

መምህሩ ሣቁ፤ ቤቱም አብሮ ሣቀ። ቀልድ ቢመስልም ግን የነጂው መልስ ከብዙ የስፖርት ትንታኔ የተሻለ ነጥብ ይዟል። ቡድን ያዝ ለቀቅ ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከዓመት ዓመት የቆየው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ባሕር ዳር ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ ያለውን ታሪክ በዚህ ዓይን ብናየው ደብተሩ ውስጥ የተዘበራረቁት ቀለሞች ትርጉም ማግኘት ይጀምራሉ።

አራት አሠልጣኝ በአምስት ዓመት

ክለቡ በ2010 ከከፍተኛ ሊግ አልፎ በ2011 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ያሳደገው አሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው ነበር። በ2012 ኃላፊነቱን የቀድሞው አጥቂ ፋሲል ተካልኝ ተረከበ። ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ፤ ስለዚህ የዚያን ዓመት ቡድን እውነተኛ ልክ ማንም አላየውም። በ2014 ከብሔራዊ ቡድን የተሰናበተው አብርሃም መብራቱ መጣ። ዋሊያዎቹን ወደ አፍሪካ ዋንጫ በወሰደው ማጣሪያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሰው በመሆኑ የደጋፊው ጉጉት ጣራ ነካ። ቡድኑ ግን ከሠንጠረዡ አናት ርቆ ጨረሰ። በ2015 ደግሞ ደግአረገ ይግዛው ተሾመ።

እንግዲህ በአምስት የውድድር ዘመን አራት አሠልጣኝ ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱ አጨዋወት አለው። አንዱ ኳስ ይዞ መጫወትን ይመርጣል፣ ሌላው ፈጣን መልሶ ማጥቃትን። አንዱ የሚፈልገው የመሐል ተከላካይ ለሌላው አይመቸውም። አሠልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ተጫዋች ይቀየራል፤ ተጫዋች በተቀየረ ቁጥር ደግሞ የመልበሻ ክፍሉ ቋንቋ ከሀ ይጀምራል።

የደግአረገ የመጀመሪያ ዓመት ደጋፊው እስከ ዛሬ የሚያወራለት ነው። ከፋሲል ከነማ የመጣውን ተከላካይ ያሬድ ባየህን የመሳሰሉ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በቡድኑ ነበሩ፤ ባሕር ዳርም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ። የአፍሪካ ውድድር ትኬት የተቆረጠው በዚያ ውጤት ነው። ከሁሉ በላይ ልብ መባል ያለበት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ አሠልጣኙ አልተቀየረም። ቡድኑ በ2016ም በእርሱ እጅ ቆየ። ክለቡ በሊጉ ታሪኩ የተሻለ መረጋጋት ያሳየው አንድ ሰው ሥራውን እንዲቀጥል በተፈቀደለት ጊዜ መሆኑ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

አሠልጣኝ ማባረር መድኃኒት የሚመስልበት ምክንያት አለ። አሠልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከአቅሙ በታች ሲወርድ ነው፤ ከአቅሙ በታች የወረደ ቡድን ደግሞ ምንም ባይደረግም ብዙ ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳል። የኔዘርላንድን ሊግ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ አሠልጣኝ ያባረሩ ክለቦች በተመሳሳይ ቀውስ ውስጥ ሆነው ካላባረሩት የተሻለ አላገገሙም። ደጋፊው ግን የሚያየው አሮጌው ሄዶ አዲሱ ሲመጣ ቡድኑ ማሸነፉን ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀውስም ያንኑ ይጠይቃል። የክለብ አመራርም ቢሆን ጩኸት ሲበዛበት ከሁሉ የሚቀለው ውሳኔ ይኸው ነው።

ሜዳ ያለው፣ ሜዳ የሌለው

የባሕር ዳር ስታዲየም ስንት ነገር አይቷል! ሰኔ 7 ቀን 2007 ዋሊያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፉት እዚያ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ከመመራት ተነስተው ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲረቱ ከተማው እስከ ሌሊት አልተኛም። መጋቢት 15 ቀን 2013 ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈው ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ አንድ እግራቸውን አስገቡ። ከዚያ መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥቶ 3 ለ 1 አሸንፎ ሄደ፤ ብዙ ሳይቆይም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ፈቃዱን አነሳ። ኢትዮጵያ በቀጣዩ ወር ጋናን ያስተናገደችው በደቡብ አፍሪካ ምድር ነው።

ይህ የብሔራዊ ቡድን ታሪክ ቢመስልም የክለቡንም ዕጣ የሚነግር ነው። የጣና ሞገዶቹ በታሪካቸው የመጀመሪያውን አህጉራዊ ውድድር ሲጫወቱ በገዛ ከተማቸው ሜዳ ላይ አልነበሩም። ነሐሴ 14 ቀን 2015 የታንዛኒያውን አዛም አዲስ አበባ ላይ ሲገጥሙ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ የሰው እንቅስቃሴም ተገድቧል። ቡድኑ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ ታንዛኒያ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈና በመለያ ምት አለፈ። ባሕር ዳር ያለው ደጋፊ ለዓመታት የጠበቀውን ቀን ቴሌግራም ሳይከፍት፣ በሬዲዮና በስልክ ጥሪ እየጠየቀ አሳለፈው። እንዲህ ባለ ጊዜ የክለብ ድል ከስፖርት በላይ ይሆናል፤ ሽንፈቱም እንዲሁ።

በአገር ውስጥ ያለው ሊግም ቢሆን በ2016 ከባሕር ዳር ወጥቷል። እስከ 2012 ድረስ ፕሪሚየር ሊጉ እንደማንኛውም ሊግ ነበር፤ አንድ ጊዜ በሜዳህ፣ አንድ ጊዜ ከሜዳህ ውጭ። በ2013 በኮሮና ምክንያት ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር መጣ፤ ሱፐር ስፖርትም ጨዋታዎቹን በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ባሕር ዳር በተከታታይ ዓመታት ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2016 ግን ውድድሩ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። የክለቡ ስም ባሕር ዳር፣ ሜዳው የሰው አገር ሆነ።

ይህ በወጥነት ላይ ምን ያመጣል? ብዙ። በዓለም ዙሪያ ኳስን ካጠኑ ሰዎች መካከል በሜዳ መጫወት ጥቅም የለውም የሚል አይገኝም። ኮሮና ተመልካችን ከስታዲየም ባስወጣበት ወቅት በብዙ የአውሮፓ ሊጎች ባለሜዳው የሚያሸንፍበት መጠን ቀነሰ፤ ዳኞችም ለእንግዳው ቡድን ያበዙት የነበረው ቢጫ ካርድ ቀለለ። ጩኸት ኳስ አያስገባም፤ ግን ዳኛውን ያጠራጥራል፣ የተጋጣሚን እግር ያከብዳል፣ የደከመውን የራስ ተጫዋች ደግሞ በ85ኛው ደቂቃ አንድ ተጨማሪ ሩጫ ያስሮጠዋል። በዓመት 15 ጊዜ ይህን ያገኝ የነበረ ቡድን ሙሉ ዓመት እንግዳ ሆኖ ሲጫወት የሚያጣው ነጥብ በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው አይጻፍም።

ከዚያ በላይ የተጫዋቹ ድካም አለ። ተጫዋቾች ለሳምንታት በሆቴል ይኖራሉ። ጨዋታው በየአራት በየአምስት ቀኑ ነው። አንድ ተከላካይ ቢጎዳ ለማገገም የሚያስፈልገው ሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ይወስድበታል። ሰፊ ስብስብ ያለው ክለብ ይህን ይችለዋል፤ በአሥራ አምስት ተጫዋች የሚንቀሳቀስ ቡድን ግን መጀመሪያ ያበራል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ከዚያ ነጥብ ይጥላል። ደጋፊው «ልባቸው የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ እግራቸው ስለሌለ ነው።

ደጋፊውስ? ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሐል የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ አለ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደግሞ ሌላ 275 ኪሎ ሜትር። በሰላሙ ዘመን ደጋፊው አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ከበሮ ጭኖ፣ ሌሊቱን እየዘፈነ ይጓዝ ነበር። መንገዱ አስጊ ሲሆን ጉዞው ይቀራል። ሰባታሚት ያለው ባጃጅ ነጂ ቡድኑን የሚያየው በዲኤስቲቪ ብቻ የሆነው ፍቅሩ ስለቀነሰ አይደለም።

የክረምቱ ገበያ

ነጂው ስማቸውን የሸመደዳቸው ተጫዋቾች ወዴት ሄዱ? መልሱ ያለው ክረምት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ክለቦች ብዙው ውል የሚፈረመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በየክረምቱ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ። ጥሩ ዓመት ያሳለፈ ቡድን ደግሞ ከሁሉ በላይ ይበዘበዛል፤ ተጫዋቹን ሁሉም አይቶታልና። ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ያንን ቡድን ይዞ ለመቆየት ከሁለተኛነት የሚበልጥ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስማቸው ላይ «ከተማ» የሚል የታከለባቸው ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀትና በስፖንሰር ነው። የከተማ በጀት ግን ውኃም፣ መንገድም፣ ጤና ጣቢያም የሚጠብቀው በጀት ነው። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቋረጣል፤ ልምምድ ሲቋረጥ ውጤት ይበላሻል። በአገራችን ሊግ ይህ ሰንሰለት የአንድ ክለብ ችግር አይደለም፤ በየዓመቱ ከአንድ በላይ ክለብ ውስጥ የሚሰማ ነው። ወጪው አላስቆም ሲል ክለቦችና ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ጣሪያው ግን ተጫዋችን በአንድ ቤት የማቆየትን ጥያቄ አልመለሰም።

አንዳንዱን ኪሳራ ደግሞ ገንዘብም አይመልሰውም። በመጋቢት 2016 የክለቡና የብሔራዊ ቡድኑ አማካይ አለልኝ አዘነ በ26 ዓመቱ አርባ ምንጭ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የውድድር ዘመኑ ገና አላለቀም ነበር። አብረውት ሲለማመዱ የነበሩ ልጆች ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ተመለሱ። በደብተሩ ላይ ያሉት የዚያ ሰሞን ቀለሞች ይህን አይናገሩም።

ዘውድና ጎፈር

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ማንም ደጋፊ መስማት የማይወደው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ዕድል ነው።

አንድ ሳንቲም ያዙና 30 ጊዜ ወርውሩት። ዘውድ ሲመጣ «አሸነፍን» በሉ፣ ጎፈር ሲመጣ «አላሸነፍንም»። ሳንቲም አቋሙ አይዋዥቅም፤ አይደክምም፤ ደመወዝ አይዘገይበትም። ሆኖም በ30 ውርወራ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎፈር ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሚመጣበት ዕድል ከመቶ 91 ነው። አራት ጊዜ በተከታታይ የሚመጣበትም ዕድል ቢሆን ከግማሽ በላይ ነው። ዘውድም እንዲሁ። 16 ክለብ ባለው ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ ከጨዋታው ግማሹን የማሸነፍ አቅም ያለው፣ ይኸውም በእኛ ሊግ ለዋንጫ ሊፎካከር የሚችል ቡድን፣ ምንም ሳይጎድልበት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፍ የሚቆይበት ጊዜ በአሥር ዓመት ውስጥ በዘጠኙ ይመጣበታል ማለት ነው። ሦስት ተከታታይ ድልም እንደዚሁ ይመጣለታል፤ ያኔ ጎዳናው በመኪና ጡሩምባ ይናጣል።

እግር ኳስ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ ዕድል በውስጡ ሰፊ ቦታ አለው። በቅርጫት ኳስ አንድ ስሕተት በሰማንያ ነጥብ ውስጥ ይሰወራል፤ በእግር ኳስ ግን አንድ የተንሸራተተ ተከላካይ የሳምንቱን ታሪክ ይጽፋል። እንግሊዛዊው ሌስተር ሲቲ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሻምፒዮን ሆኖ ዓለምን ጉድ አሰኘ፤ ዋንጫውን ያነሳለትን ክላውዲዮ ራኒየሪን ያሰናበተው በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ወር ነው። በ2023 ደግሞ ከሊጉ ወረደ። ቅርባችንን እንይ ካልን ጎንደር አለልን። ዐፄዎቹ፣ ማለትም ፋሲል ከነማዎች፣ በ2011 በመጨረሻው ቀን ዋንጫውን ለመቀሌ 70 እንደርታ አስረክበው፣ በ2013 በሥዩም ከበደ እየተመሩ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያን ከፍታ አላገኙትም። በጣና ደርቢ ቀን የሚሳለቁብን የጎንደር ልጆችም በየቤታቸው የሚያጉረመርሙት ይህንኑ ነው።

ሌላም የሂሳብ ጨዋታ አለ። አንድ ሳምንት አሸንፎ አንድ ሳምንት የሚሸነፍ ቡድን በሁለት ጨዋታ 3 ነጥብ ያገኛል። ሁለቱንም አቻ የወጣ «ወጥ» ቡድን የሚያገኘው 2 ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢሄዱበት የመጀመሪያው 45፣ ሁለተኛው 30 ነጥብ ይዞ ይጨርሳል። አንዱ በሠንጠረዡ መሐል ተደላድሎ ሲቀመጥ ሌላው ለመውረድ ይንገዳገዳል። ደጋፊን የሚያሳብደው ቡድን ሁልጊዜ መጥፎው ቡድን አይደለም። ደም ግፊትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቡድን ከሠንጠረዡ አንጻር ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመምህሩ በዕረፍት ሰዓት አጫወትኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«ሂሳቡ ልክ ነው» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ሳንቲም ልምምድ አይሠራም። ቡድን ከሳንቲም ጋር እኩል እንዳይሆን አይደለም እንዴ የሚለማመደው?»

ነጂው «ጋሼ ይናገሩ!» ብሎ ጉልበታቸውን መታ አደረገ።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

የመምህሩ ጥያቄ ነገሩን ይቋጫል። ዕድልን ማንም አያዝዘውም፤ በአንድ ሳምንት ሽንፈት አሠልጣኝ መስቀልም ከዘውድና ጎፈር ጋር መጣላት ነው። ዕድል ሊያደርግ የማይችለው ግን አለ። ዕድል ግማሽ ቡድንን በየክረምቱ አይበትንም። ዕድል በአምስት ዓመት አራት አሠልጣኝ አይሾምም። ዕድል የስታዲየምን መልበሻ ክፍልና መቀመጫ ሳይጠናቀቁ ዓመታት አያስቆጥርም። እነዚህ ሁሉ የሰው ውሳኔዎች ናቸው፤ ስለዚህ ተጠያቂ አላቸው።

የባሕር ዳር ደጋፊ ቁጣ ትክክል ነው፤ አቅጣጫው ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ቁጣው 90 ደቂቃ ላብ ያፈሰሰውን የ22 ዓመት ልጅና በመስመሩ ላይ የቆመውን አሠልጣኝ ያገኛል። በክረምት ውል ሳያድስ የቀረውን፣ በጀት ያዘገየውን፣ የወጣቶች ቡድኑን የረሳውን ግን አያገኘውም፤ ያ ውሳኔ በቴሌቪዥን አይተላለፍምና። የደጋፊ ማኅበሩ ጉልበት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ሦስት ጥያቄ ይዞ የክለቡን በር ያንኳኳ፦ ካለፈው ዓመት ቋሚ አሰላለፍ ስንቱ ይቆያል? ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ልጆች ስንቱ ወደ ዋናው ቡድን ያድጋል? የዘንድሮው በጀት ጸድቋል ወይስ ገና ተስፋ ነው? መልሱ በአደባባይ ይነገር። እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ክለብ ይሸነፍ ይሆናል እንጂ አይዋዥቅም።

ከተማ አስተዳደሩም ክለብን የሚደግፍ ከሆነ የሚደግፈው በዓመት አንድ ጊዜ ፎቶ ለመነሳት መሆን የለበትም። የሦስት ዓመት በጀት ይታወቅ፤ ክለቡም አባላቱ መዋጮ የሚከፍሉበት፣ ሂሳቡንም የሚጠይቁበት ተቋም ይሁን። ሰላም ወርዶ ሊጉ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ የሚጠብቀው የተጠናቀቀ ሜዳ ይሁን።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። ቡድኑን በአንድ ጨዋታ አይመዝን፤ አሥር ጨዋታ ይቁጠር። በአሥር ጨዋታ 18 ነጥብ የሰበሰበ ቡድን፣ በመሐሉ ሁለቴ ተዋርዶም ቢሆን፣ መንገድ ላይ ነው። በአሥር ጨዋታ አሥር ነጥብ ያለው ደግሞ መሪውን ቢያሸንፍም ችግር ላይ ነው። ተጫዋችን በስሙና በዘሩ መሳደብ ግን በየትኛውም ሳምንት፣ በየትኛውም ውጤት ደጋፊነት አይባልም።

የጣና ሞገዶቹ በ2015 ሁለተኛ የሆኑት በተአምር አይደለም፤ ጥሩ ቡድን ተሰብስቦ፣ አሠልጣኙ ታምኖ፣ ሥራው ሲሠራ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ ነገር እንደገና ሊሠራ ይችላል። ክለቡ ከደጋፊው ትዕግሥት ሲጠይቅ፣ ደጋፊውም ከክለቡ ዕቅድ የመጠየቅ መብት አለው። ዕቅድ የሌለው ክለብ ደጋፊውን ታገስ ማለት አይችልም።